ራም በተወደደበት ጊዜ ጌሚንግ ፒሲ መገጣጠም

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ስልኩ ላይ ዝርዝር ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅም ቆይቶ ጌሚንግ ፒሲ በራሱ እጅ ሊገጣጥም ነው። «አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ፤ የጎደለ ነገር ካለ» አለኝ። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ አርቲኤክስ 5090። ቀጥሎ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያ 64 ጊጋባይት ራም (ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ዳታ ለጊዜው የሚያኖርበት ማስታወሻ)፣ ባለ መብራት ፋኖች፣ ከፊትም ከጎንም መስታወት የሆነ ኬዝ። የመጨረሻው መስመር «ፓወር ሰፕላይ፦ ማንኛውም 850 ዋት» ይላል፤ ለሁሉም ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ነው። ሞኒተር የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቤት ያለው ይበቃል ብሎ ነው። ቤት ያለው ደግሞ 60 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ፣ አሮጌ ፉል ኤችዲ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ብዙ አይቻለሁ። ሁሉም የሚጻፈው በሚያኮራው ቅደም ተከተል ነው። ለጓደኛ የሚወራለት ዕቃ ከላይ ይሆናል፣ ስሙን ማንም የማይጠራው ወደ ታች ይወርዳል። ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከታች ነው። አሁን ባለው ገበያ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ከላይ ያሉት ዕቃዎች ዋጋ ሲሰቀል፣ ታች ያሉት በተራረፈ ሳንቲም ነው የሚገዙት።

ስለዚህ የትኛው ካርድ ከየትኛው ይበልጣል የሚለውን ክርክር ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የት ይዋል የሚለው ነው። ምርጥ ምርጡን ዕቃ መሰብሰብ ምርጥ ኮምፒውተር አይሰጥም። ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚጠባበቁ ናቸው። አንዱ ከዘገየ ሌላው ሥራ ፈቶ ይቆማል። አንዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሌላውንም ይዞት ሊጠፋ ይችላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራም ምን ነካው?

እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ ራም ብዙ የማይታሰብበት ዕቃ ነበር። 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 (የአሁኑ የራም ትውልድ) ይገዛል፣ ይሰካል፣ ይረሳል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያው ራም፣ በያው ካርቶን፣ በያው ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ጀመር። የተሻለ ነገር አልተጨመረበትም። ዋጋው ብቻ ነው የተቀየረው።

ጌመር ስለበዛ አይደለም። የራም ቺፕ የሚሠሩ ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን፣ የዓለምን ገበያ ከሞላ ጎደል ለሦስት ይዘውታል። የምንገዛው ራም ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከብረት ሽፋኑ ሥር ያለው ቺፕ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስቱ የአንዱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ፊታቸውን ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድነት ወደሚሠሩባቸው ማዕከላት፣ ያዞሩት።

ዳታ ሴንተሮቹ አጥብቀው የሚፈልጉት ኤችቢኤም የሚባለውን የራም ዓይነት ነው። ቺፖቹ እንደ ፎቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ከዋናው ቺፕ ጎን ይቀመጣሉ። በጣም ፈጣን ነው፣ ለመሥራት ግን አስቸጋሪ ነው። ማይክሮን ራሱ እንደገለጸው፣ ለተመሳሳይ የጊጋባይት መጠን ኤችቢኤም ከተራው ዲዲአር5 ሦስት እጥፍ ገደማ የሲሊከን ዋፈር ይበላል። ዋፈር ማለት ቺፖቹ የሚታተሙበት ስስና ክብ የሲሊከን ዝርግ ነው። ሂሳቡ እንግዲህ ግልጽ ነው። ለዳታ ሴንተር አንድ ጊጋባይት ኤችቢኤም በተመረተ ቁጥር፣ ለኛ ሊመረት ይችል የነበረ ሦስት ጊጋባይት ይቀራል።

በኦክቶበር 2025 ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ስታርጌት ለሚለው የዳታ ሴንተር ፕሮጀክቱ ከሳምሰንግና ከኤስኬ ሃይኒክስ ጋር ተስማማ። በስምምነቱ የተጠቀሰው መጠን በወር እስከ 900,000 ዋፈር የሚደርስ ነው። በዲሴምበር 3 ደግሞ ማይክሮን ክሩሻል የሚለውን ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥበትን ስም እንደሚዘጋ አስታወቀ። ክሩሻል ያን ጊዜ 29 ዓመት የቆየ ስም ነበር። በገዛ እጁ ራም ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ላፕቶፔን ነፍስ የዘራሁበት ራም ክሩሻል ነበር፤ ዜናውን ሳነብ የድሮ ጎረቤት አገር ጥሎ የሄደ ያህል ተሰማኝ።

«ታዲያ ለምን አብዝተው አያመርቱም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው 2023 ላይ ነው። ያን ጊዜ ራም ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ። አምራቾቹ በቢሊዮን ዶላር ከሰሩና ምርት ቀነሱ። የተቃጠለ ሰው ይጠነቀቃል። አዲስ ፋብሪካ ገንብቶ ምርት ለማውጣትም ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ የፈለግነው ቺፕ ፋብሪካው ዛሬ አይደለም መሠራት የነበረበት።

«በቃ በአሮጌው ዲዲአር4 እገጣጥማለሁ» የሚልም አይጠፋም። እሱም አልተረፈም። አምራቾቹ ዲዲአር4ን ማምረት ለማቆም ሲዘጋጁ የሱም ዋጋ አብሮ ተተኮሰ። ጣጣው ራም ላይ ብቻ የሚቆምም አይደለም። ግራፊክስ ካርድ የራሱ ራም አለው። ፋይል በሚቀመጥበት ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ውስጥ ያለው የማከማቻ ቺፕም በአብዛኛው ከነዚሁ ኩባንያዎች ነው የሚመጣው። አንዱ ጋ የተነሳው ግፊት ሌላውንም ይነካል።

ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያሰረዝኩት መስመር ይሄ ነው። 64 ጊጋባይቱን ወደ 32 አወረድነው። አሁን ያሉት ጌሞች በ32 ጊጋባይት በምቾት ይሠራሉ። 64 የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ትልልቅ ፋይል ለሚከፍት፣ ጌሙን በብዙ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው በሚሠሩት ጭማሪ) ለሚያጨናንቅ ሰው ነው። እሱ ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። የሚጫወተው ይጫወታል፣ ይዘጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። 32ቱን በሁለት ባለ 16 ግዙ እንጂ በአራት ባለ 8 አትግዙ። ዲዲአር5 ላይ አራቱም ስሎት (የራም መሰኪያ) ሲሞላ ፕሮሰሰሩ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ ማስኬድ ይከብደዋል። «አሁን ሁለት ልግዛ፣ ሲረክስ ሁለት እጨምራለሁ» የሚለው እቅድ በዲዲአር4 ጊዜ ጥሩ ይሠራ ነበር። አሁን ግን መጠኑ ሲጨምር ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል።

ፕሮሰሰሩ ራሙን ሲያግዘው

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል መጣሁ። ራም ሲወደድ የፕሮሰሰር ምርጫ ትርጉሙ ይቀየራል።

ኤኤምዲ በኖቬምበር 2024 ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ የሚባለውን አወጣ። ስምንት ኮር፣ ማለትም ስምንት የስሌት ክፍል፣ ብቻ ነው ያለው። በኮር ብዛት የሚበልጡት ብዙ ናቸው። እሱን ልዩ የሚያደርገው ከኮሮቹ ሥር የተለጠፈው ተጨማሪ ካሽ ነው። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን እጅግ ፈጣን ማስታወሻ ነው። የዚህኛው ኤል3 የሚባለው ትልቁ ካሽ 96 ሜጋባይት ይደርሳል።

ጌም ምን ያደርጋል? ያንኑ ዳታ ደጋግሞ ይጠይቃል። ገጸ ባሕሪው የት ነው፣ ግድግዳው የት ነው፣ ጥይቱ የት ደረሰ፤ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ። መልሱ ካሹ ውስጥ ከተገኘ ፕሮሰሰሩ ወደ ራም አይሄድም። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለ ወረቀት ማንሳትና መጋዘን ወርዶ ወረቀት መፈለግ አንድ አይደለም። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ መጋዘኑ ቢርቅም ያን ያህል አይጎዳም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ገንዘብ ያድናል። ለራይዘን ጥሩ የሚባለው ራም 6000 ፍጥነት ያለው፣ መዘግየቱ ሲኤል30 የሆነ ነው (የሲኤል ቁጥር ሲያንስ ይሻላል)። ትልቅ ካሽ ያለው ፕሮሰሰር ከያዛችሁ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ 5600 ወይም ሲኤል36 የሆነ ራም ብትገዙ ጌም ላይ የምታጡት ትንሽ ነው። ራም ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህ ልዩነት የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ሁሉም ፈጣኑን ይገዛል። ዛሬ ግን ለፈጣኑ ራም የሚጨመረው ገንዘብ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል።

ኤኤም5 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ፣ ሌላም ጥቅም አለው። በ2022 የወጣ ነው፤ ኩባንያው እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፈው ተናግሯል። ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ማዘርቦርድና ራሙን ሳትነኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ ማለት ነው። ራም እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ አንዴ የተገዛ ራም ለሁለት የፕሮሰሰር ትውልድ ማገልገሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ኤስኤስዲ ብዙ አልልም። በወረቀት ላይ ፒሲአይኢ 4 የሚባለው የመሰኪያ ትውልድ ኤስኤስዲ በሰከንድ ወደ 7,000 ሜጋባይት፣ የፒሲአይኢ 5 ደግሞ ወደ 14,000 ያነብባል። ጌም ሲከፈት ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን መለየት ይቸግራል። 4 ይበቃል።

ፒክሰል ቆጥሮ ካርድ መግዛት

ግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ፒክሰል ነው። ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል አለ። 1440ፒ የሚባለው 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ነው። 4ኬ ላይ መጫወት ማለት ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ሥራ ማሠራት ማለት ነው።

አርቲኤክስ 5090 ለ4ኬ የተሠራ ካርድ ነው። 32 ጊጋባይት የራሱ ራም አለው፤ ከዚያ ራም በሰከንድ 1.79 ቴራባይት ያነባል። ለማነጻጸር፣ ሁለት ባለ 6000 ዲዲአር5 አንድ ላይ ሲሠሩ 96 ጊጋባይት ነው የሚያቀብሉት። ይህን የመሰለ ካርድ 60 ኸርዝ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ ብትሰኩት፣ ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ነው የሚያሳየው። ካርዱ 300 ሠርቶ ቢያቀብለውም 240ው ሳይታይ ይቀራል። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ስልኩን አየ። ከዚያ «እና ሞኒተሩ ነው መቅደም የነበረበት?» አለኝ። አዎ። መጀመሪያ የምታዩበት ይወሰናል፤ ካርዱ የሚመረጠው ለዚያ ነው።

የዋጋው ጉዞም መታየት አለበት። በ2017 ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ሲወጣ 699 ዶላር ነበር፤ ለተጫዋች ከሚሸጡት ካርዶች ጫፍ ላይ የነበረ ነው። በ2020 አርቲኤክስ 3090 በ1,499፣ በ2022 አርቲኤክስ 4090 በ1,599፣ በ2025 አርቲኤክስ 5090 በ1,999 ዶላር ወጡ። ይሄ ኩባንያው ያወጀው ዋጋ ነው። ገበያ ላይ 5090ን በዚያ ዋጋ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ምክንያቱ ከራሙ ጋር ይመሳሰላል። ያው ቺፕ፣ ያው ራም ለዳታ ሴንተር ሲሸጥ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ኩባንያው ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ መገመት አያቅትም። ይህ ያናድደኛል። ዛሬ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያሠራው የግራፊክስ ቺፕ ያደገው በጌመሮች ገንዘብ ነው። ለሃያ ዓመት በየጊዜው አዲስ ካርድ እየገዙ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። አሁን ከወረፋው ጀርባ ቆመዋል።

በመጨረሻ 5090ውን ከዝርዝሩ አወጣነው። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ ገባ። የተረፈው ገንዘብ 1440ፒና 165 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር ገዛ፤ ተርፎም ፓወር ሰፕላዩን አሻሻለ። ከ8 ጊጋባይት ካርድ ግን እንዲርቅ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። የካርዱ ራም ሲሞላ ጌሙ ቀስ እያለ አይደክምም፤ ድንገት ይንተባተባል፣ የግድግዳውና የፊቱ ምስል ይደበዝዛል። ራም ወደፊት የሚጨመርበት መንገድም የለም፤ ካርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው።

የመጨረሻው መስመር

አሁን ወደ «ማንኛውም 850 ዋት» ልመለስ። ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ መስመር ነው።

የድሮው የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ ባለ ስምንት ፒን ነው። 150 ዋት እንዲያስተላልፍ ነው የተፈቀደለት። በ12 ቮልት ሲሰላ 12.5 አምፒር ይሆናል። ይህ ኃይሉን በሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች ሲከፈል ለያንዳንዱ 4 አምፒር ትንሽ አለፍ ይላል። ሽቦውና ፒኑ ግን ከዚያ እጥፍ ገደማ መሸከም ይችላሉ። አንዱ ሽቦ ቢላላ እንኳ የቀሩት ሁለቱ ይሸከሙታል። አንድ ሰው ሲታመም ጓደኞቹ ሥራውን እንደሚሸፍኑለት ነው።

አዲሱ መሰኪያ ከድሮው ያነሰ ሆኖ እስከ 600 ዋት ያስተላልፋል። 600 በ12 ሲካፈል 50 አምፒር ነው። ኃይሉን በሚያመጡት ስድስት ሽቦዎች ሲከፈል ለያንዳንዱ ከ8 አምፒር በላይ ይደርሰዋል። የያንዳንዱ ፒን አቅም ደግሞ 9.5 አምፒር አካባቢ ነው። ትርፉ ጠባብ ነው። ስድስቱም እኩል ከሠሩ ችግር የለም። አንዱ ወይም ሁለቱ በደንብ ካልነኩ ግን የነሱ ድርሻ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ሌሎቹ ይግላሉ። ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። አርቲኤክስ 4090 በ2022 በወጣ በሳምንታት ውስጥ የቀለጡ መሰኪያዎች ፎቶ መታየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ መሰኪያው ተሻሻለ። ኃይል የሚያስተላልፉት ፒኖች ረዘም፣ መሰካቱን የሚያረጋግጡት ትንንሾቹ ፒኖች አጠር ተደረጉ። ሐሳቡ፣ እስከ መጨረሻው ካልገባ ካርዱ ሙሉ ኃይል እንዳይጠይቅ ነው። ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ ግን ሁሉንም አልፈታም። በፌብሩዋሪ 2025 ደርባወር በሚለው ስሙ የሚታወቀው ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ 5090 ላይ ሲለካ፣ በአንዱ ሽቦ ብቻ ከ20 አምፒር በላይ ሲያልፍ አገኘ። ከተፈቀደው እጥፍ በላይ ማለት ነው። ችግሩ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ስድስቱን ሽቦዎች እንደ አንድ አድርጎ ይቀበላቸዋል፤ የትኛው ስንት እንደተሸከመ አያውቅም። በ2022ቱ አርቲኤክስ 3090 ቲአይ ላይ ሽቦዎቹ በሦስት ጥንድ ተከፍለው ለየብቻ ይለኩ ነበር። ይህ በቀጣዮቹ ካርዶች ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሳስበው አሁንም አይዋጥልኝም። የመኪና ዋጋ በሚያህል ዕቃ ላይ የጥቂት ሳንቲም መለኪያ መቆጠብ ልክ አይደለም።

እኛ ማድረግ የምንችለው ይህ ነው። ኬብሉ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ በመሰኪያውና በካርዱ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። ኬብሉን ከመሰኪያው አፍ ላይ አትጠፉት፤ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ይሂድ። ኬዝ ስትገዙ የካርዱን ርዝመት ብቻ አትለኩ፤ ኬብሉ ወደ ጎን ስለሚወጣ ስፋቱንም ለኩ። የጎኑ መስታወት ኬብሉን እየተጫነው የሚዘጋ ከሆነ ያ ኬዝ ለዚያ ካርድ አይሆንም። በተቻለ መጠን በአስማሚ አትጠቀሙ። ፓወር ሰፕላዩ ኤቲኤክስ 3.1 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላ ከሆነ ይህ ኬብል ከራሱ ጋር ይመጣል።

ፓወር ሰፕላይ ሲመረጥ ሰው ዋቱንና 80 ፕላስ የሚለውን ምልክት ብቻ ያያል። 80 ፕላስ የሚናገረው ኤሌክትሪኩ ስንት በመቶው ሳይባክን እንደሚደርስ ነው። ስለ ጥበቃው፣ ስለ ዕቃው ጥራት ምንም አይልም። ዘመናዊ ካርድ ደግሞ በቅጽበት ኃይል ይስባል። ባለ 300 ዋት የሚባለው ካርድ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ከዚያ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። የኤቲኤክስ 3 ደረጃ ፓወር ሰፕላዩ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ የአቅሙን እጥፍ እንዲችል የሚያዘው ለዚህ ነው። ይህን የማይችል ከሆነ ጌሙ መሐል ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ሰውም ካርዱን ይጠረጥራል።

የመገጣጠም ቀን

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድና የኬዝ መለኪያ ያወጣው በ1995 ነው። የማዘርቦርዱ ብሎን ቀዳዳዎች ዛሬም ያኔ በተወሰኑበት ቦታ ናቸው። ለዚህ ነው ከተለያየ ኩባንያ የተገዛ ዕቃ አንድ ኬዝ ውስጥ የሚገጥመው። እንዴት ያለ ውብ ስምምነት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አነጠፍን። ፕሮሰሰሩን አስገባ፣ ትንሿን ማዕዘን ምልክት ከምልክት አገናኘ። የሶኬቱን ብረት ሲጭን ጠጠር አለው፤ «ይሰበራል?» ብሎ አየኝ። አይሰበርም፣ እንደዚያ ነው የሚጠብቀው። ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ ሰካ። ማቀዝቀዣው ሥር የተለጠፈውን ላስቲክ ሊረሳው ሲል አስቆምኩት። ያ ላስቲክ ሳይነሳ ቀርቶ ፕሮሰሰሩ የሚንገበገብበት ኮምፒውተር ስንት አለ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ማብሪያውን ተጫነ። ፋኖቹ ዞሩ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። «አክስቴ፣ አቃጠልኩት መሰለኝ» ሲል ድምፁ ተቀየረ። እጁ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ ያዝኩት። ዲዲአር5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር ይተዋወቃል። የትኛው ቮልቴጅ፣ የትኛው ቅጽበት እንደሚስማማ እየሞከረ ይመዘግባል። ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሐል የሚያጠፋ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ ደጋግሞ ሲያጠፋ ደግሞ ራሙ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልስ ይሄዳል። አራተኛው ደቂቃ ላይ የማዘርቦርዱ ስም ብቅ አለ። ልጁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ማዘመን ነው። ይሄን ሰው ይንቀዋል። ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የቮልቴጅ ችግር ገጥሞት በ2024 ማስተካከያ ያወጣው በባዮስ በኩል ነበር። ያላዘመነ ሰው ፕሮሰሰሩ ቀስ በቀስ ሊጎዳበት ይችላል። ሁለተኛው ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚባለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ማስተካከያ፣ ማብራት ነው። ካልበራ 6000 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚሠራው። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ የሞኒተሩን ኸርዝ ቀይሩ። 165 የገዛ ሰው ለወራት በ60 ሲጫወት አይቻለሁ። የሞኒተሩ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱንም እዩ።

ተገጣጥሞ የሚሸጠውስ?

በሐቀኝነት መልስ ልስጥ። ድሮ በራስ መገጣጠም ርካሽ ነበር። አሁን ሁልጊዜ አይደለም። ትልልቅ ገጣጣሚዎች ራም በብዛትና በውል ስለሚገዙ የዋጋው ጭማሪ የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዋጋ አስሉ። የዕቃው ድምር ከተገጣጠመው በልጦ ከተገኘ የተገጣጠመውን መግዛት ምንም ነውር የለውም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ መደበኛ ኤቲኤክስ ናቸው? ራሙ ሁለት ነው ወይስ አንድ? አንዳንዱ ገጣጣሚ በራሱ ቅርጽ የተሠራ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ያስገባል። ሲበላሽ ከሌላ ቦታ የሚገዛ መተኪያ የለውም። ያኔ ያተረፋችሁት ገንዘብ ከነወለዱ ይሄዳል።

እኔ አሁንም በራስ መገጣጠም እወዳለሁ። የእህቴ ልጅ አሁን የኮምፒውተሩ ድምፅ ሲቀየር የትኛው ፋን እንደሆነ ያውቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ካርድ ሲቀይር ማንንም አይለምንም።

ማታ ላይ ዕቃውን ስንሰበስብ የተረፉትን ኬብሎች ቆሻሻ ውስጥ ሊጥላቸው ነበር። አስቆምኩትና የራሴን ታሪክ ነገርኩት። የዛሬ ጥቂት ዓመት ፓወር ሰፕላይ ስቀይር የድሮውን ኬብል ኬዙ ውስጥ እንዳለ ትቼ አዲሱ ላይ ሰካሁት። ልክ ገጠመ። ማብሪያውን ስጫን «ጠሽ» አለ፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁለት ዲስክ ሞተ። የአራት ዓመት ፎቶ አብሮ ሄደ። ኬብሉ በዕቃዎቹ በኩል ያለው ጫፉ መደበኛ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እንደየአምራቹ፣ አንዳንዴም እንደየሞዴሉ ይለያያል። 12 ቮልት በአንዱ የሚወጣበት ቀዳዳ በሌላው 5 ቮልት ሊሆን ይችላል። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ይሰካል፤ ከዚያ ያቃጥላል።

ልጁ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ከተታቸው። ወረቀት ቀደደና የፓወር ሰፕላዩን ሞዴል በትልልቁ ጻፈበት። ከሥሩ «ለሌላ እንዳይሰካ» ብሎ ጨመረና በፕላስተር ለጠፈው።